የቢቸና ደም ሞጣ ሲደርስ

ስለ ደም ማውራት ደስ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ደስ አይለኝም። ያኔ ደግሞ ጠዋት ሬዲዮው፣ ማታ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ስለ ደም ያወሩ ስለነበር፣ እኛ ተማሪዎች በመካከሉ ትንሽ ስለ ኳስ ብናወራ የሚፈርድብን አልነበረም። ግን አንዳንድ ነገር እንደ ጭጎጎት ነው። ከሱሪዬ ላይ ነቀልኩት ሲሉ እጅጌ ላይ ይገኛል።

ከየት ልጀምረው? ከእህቴ ልጀምረው።

ታላቅ እህቴ ሞጣ ተድራ ነበር። በስሟ አልጠራትም፤ እታለም ነው የምላት። ክረምቱ ሲወጣ በወሊድ ሞተች። ልጁም አልቆየም። እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ልለፈው።

ከቀብሯ ማግሥት ሞጣ ወዳለው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ያዋለዷት ነርስ ሲስተር ጥሩነሽ በር ላይ አገኙኝና ማን እንደሆንኩ ሲያውቁ ቀስ ብለው፣ «ደም ቢገኝላት ኖሮ ትተርፍ ነበር» አሉኝ።

«ደም ከየት ይገኛል?» አልኳቸው። ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር መስሎኝ ነበር።

ክንዴን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ከዚህ» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ማን ይቀመጣል? የእኔ ደም ቢቸና ውስጥ ያለ ሥራ ሲዞር የእሷ ሞጣ ላይ አልቋል። ተመልሼ ትምህርት ቤት ስገባ አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ። እበላለሁ ብዬ ቀርቤ እነሳለሁ። አነባለሁ ብዬ ገልጬ እዘጋለሁ። ክፍል ውስጥ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ዴስኩ አብሮ ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ የሚቀመጠው ደሴ፣ «ኧረ እባክህ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምንማረው?» ይለኛል።

ሲስተር ጥሩነሽ የነገሩኝ ከባድ አልነበረም። ጤነኛና ወጣት የሆነ ሰው ጥቂት ደም ቢሰጥ አይጎዳም፤ ሰውነቱ ይተካዋል። ከቢቸና ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች ካገኘሁላቸው በጭንቅ ጊዜ ስልክ ይደውላሉ፤ እኛ እንሄዳለን፤ ደማችን እዚያው ይመረመርና የተስማማው ይሰጣል። በቃ። እንዲህ ሲነግሩኝ ነገሩ ውኃ እንደ መቅዳት ቀሎ ታየኝ። ለሞኝ የማይቀለው ነገር የለም።

ምክትል ዲሬክተራችን ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ለተማሪው ሁሉ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ችግሩ እኔ ንግግር አላውቅም። ሁለት ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይተሳሰራል። በሕዝብ ፊት ሲናገር የሰማሁት ሰው ቢኖር የአውራጃው ካድሬ ነው፤ ስለዚህ እንደ እሱ ልናገር ብዬ ቆረጥኩ። እንደ እሱ ደረቴን ነፋሁ። እንደ እሱ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ።

«ጓዶች!» አልኩ። «ደማችሁ ይፈለጋል!»

ሌላውን ልቀጥል ትንፋሼን ስስብ ከኋላ ያሉት ትልልቆቹ ልጆች የሉም። አጥሩ ላይ እግር ብቻ ይታያል። ለካ ብሔራዊ ውትድርና የመጣ መስሏቸው ነው። «ኧረ ለወላድ ነው! ለወላድ!» እያልኩ ጮህኩ፤ ማን ይሰማኛል? ጌታነህ የሚባለው የትምህርት ቤታችን ጉልበተኛ፣ በርሜል ሙሉ ውኃ ብቻውን የሚሸከመው፣ አጥሩን ሊዘል ሲል አጥሩ ከነእሱ ወደቀ። ምክትል ዲሬክተሩ ማይክሮፎን ባይኖረኝም ማይክሮፎን እንደሚቀማ ሰው እጄን ይዘው አወረዱኝ። የሸሹት ልጆች ተሰብስበው እስኪያልቁ ሳምንቱ አለቀ።

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ማግባባት ጀመርኩ። ይኸኛው መንገድ ተሻለ። ጌታነህም እሺ አለ፤ አጥሩን ጠግኖ ሲጨርስ። መጀመሪያ የያዝኩት ግን ደሴን ነበር።

«እሺ ብያለሁ እንበል» አለኝ ደሴ። «ደሜ ለማን ነው የሚገባው?»

«ሞጣ ለታመመ ሰው ነዋ።»

«ሞጣ ማን እንዳለች ታውቃለህ?»

ማን ያላወቀ! በስፖርት ውድድር ጊዜ አንዲት የሞጣ ልጅ በገመድ ዝላይ አሸንፋ ደሴ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞጣ ሲወራ ፀጉሩን ያበጥራል። እናቱ እትዬ የሺም ነገሩን ሰምተው ሽማግሌ ለመላክ ጊዜ ይጠብቁ ነበር።

«ደሜ ለአክስቷ ቢገባስ?» አለኝ። «ከአክስቷ ጋር አንድ ደም ሆንኩ። አክስቷ ደግሞ ለእሷ ደሟ ናት። እስቲ ሰባት ቤት ቁጠር!»

አንባቢ ሆይ፣ ሰባት ቤት ያልራቀ ዘመድ እንደማይጋባ መቼም ለጎጃም ሰው አይነገርም። የእኔን ቂልነት ግን እዩልኝ። «ይኼ ከንቱ ነው» ማለት ሲገባኝ ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩለት።

«ሁለተኛው ቤት ላይ ቀረህ» አልኩት አዝኜ።

በማግሥቱ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። ቢቸና ለሞጣ ይድራል፤ ሞጣ ለቢቸና ይድራል። በመርፌ አንድ ቤት ከሆንን ማን ማንን ሊያገባ ነው? ሞጣ አግብቶ የሚኖረውስ ምን ሊሆን ነው? እትዬ የሺ ቤታችን ድረስ መጡ። ለእናቴ ማዘናቸውን ከገለጹ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ የእህትህን ነፍስ ይማርልን። ግን የሟች ሐዘን ሠርግ በማፍረስ ይወጣል ያለህ ማን ነው?»

«እትዬ፣ በመርፌ የሄደ ደም እኮ ዝምድና አይሆንም።»

«ታዲያ ምን ይሆናል? ውኃ ይሆናል? ውኃ ከሆነ ለምን ከልጄ ይቀዱታል? ከወንዝ አይቀዱም?»

«የኔታ ይፍረዱን!» አልኳቸው።

በመጨረሻ ሁላችንም ተያይዘን ወደ የኔታ ሄድን። የኔታ ቅኔ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጥያቄውን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ደም የሚፈሰው ሰው ቁስሉ እስኪደርቅ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ነገሩን። ሌላው ሁሉ ጽድቅ ነው አሉ። «ሰባት ቤት የሚቆጠረው ከአባትና ከእናት እንጂ ከመርፌ አይደለም» ብለውም ፈረዱ።

ከዚህ ወዲያ ምን ፍርድ አለ? ደስ ብሎኝ እጃቸውን ሳምኩ። እትዬ የሺም ሳሙ። በሩን እንደወጣን ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «የኔታ መናኝ ናቸው፤ ስለ ጋብቻ ምን ያውቃሉ?» አሉ። የከተማው እናቶች በሙሉ በዚህ ቃል ጸኑ።

እንዲህ እንደሆንን ከረምን። እኔ ግን አላረፍኩም፤ ስልክ ቤቱ በር ላይ በቀን ስንት ጊዜ እንደማልፍ ስልከኛው ሰልችቶት፣ «ሲደወል እነግርሃለሁ፤ ደረጃዬን አትጨርስብኝ» ብሎኛል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ተደወለ።

መስመሩ ስለሚያስተጋባ ሲስተር ጥሩነሽ ከሞጣ ይጮኻሉ፤ እኔ ከቢቸና እጮኻለሁ፤ ስልክ መጠቀሙ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። አንዲት ሴት ሌሊቱን ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ልጁ ደህና ነው። እናቲቱ ደም ካላገኘች ዛሬን አታልፍም። ከቤተሰቧ የተስማማላት የለም። «ልጆቹን ይዘህ ና! ቶሎ!» አሉኝ።

«ማን ናት?» አልኩ። ለእኔስ ማንም ብትሆን ግድ አልነበረኝም፤ ግን እንደምጠየቅ አውቃለሁ።

«ከድጃ! የጋሽ ሰይድ ልጅ፣ የጨርቅ ነጋዴው!»

ከስልክ ቤት እስከ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። ክፍሉን በርግጄ ስገባ የሂሳብ መምህራችን ጠመኔያቸው ተሰበረ። ዛሬ እንደ ካድሬ አልተናገርኩም፤ እንደ ማንም አልተናገርኩም። «ሞጣ ሴት ልትሞት ነው» አልኩ።

ሁሉም ወደ ደሴ ያያል። የእናቶቹ አፈ ጉባኤ እሱ ነበርና።

«የማን ልጅ?» አለ ደሴ።

ነገርኩት።

ደሴ አንገቱን አከከ። «የእስላም ቤት ልጅ?»

«አዎ።»

«ከእነሱ ጋር ጋብቻ የለንም፣ አይደለም?»

«የለንም።»

«ከጥንትም የለንም?»

«የለንም አልኩህ እኮ!»

«ታዲያ ምን ቸገረኝ!» ብሎ ተነሣ። ከኋላው ጌታነህ ተነሣ። ከሴቶቹም ተነሡ። እንዳንጋባ አባቶቻችን ያቆሙት አጥር በዚያን ቀን በር ሆነልን።

ጨው የጫነ ኤንትሬ መኪና ወደ ሞጣ ሊነሣ ሲል ደረስንበት። ሹፌሩ ነገሩን ሲሰማ ሒሳብ አልጠየቀም፤ ጆንያው ላይ ወጣን። እትዬ የሺ ወሬውን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ደሴን ሊያወርዱት ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ቀና ብለው፣ «ሂድ ልጄ፣ የሰው ነፍስ ነው» አሉት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ደምህን ስጥ! ሥጋ ቢያቀርቡልህ ግን እንዳትበላ!» አሉት።

ያ መንገድ በዚያን ቀን ረዘመ። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲያቃስት ወርጄ ብገፋው የምደርስ ይመስለኛል። ደብረ ወርቅን አልፈን ኬላ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ገመዱን ዘርግቶ አስቆመን። ጨው ላይ የተከመሩ ወጣቶች ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ወዴት ናችሁ?»

«ሞጣ» አልኩት። «ደም ልንሰጥ።»

«ደም የሚሰጠው ጦር ግንባር ነው። ሞጣ ምን ግንባር አለ? ውረዱ! መታወቂያ!»

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። «ወ... ወላድ...» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምላሴ እምቢ አለ። ጊዜው ይሄዳል። እሷ እዚያ ናት። እኔ እዚህ አንድ ፊደል ላይ ቆሜያለሁ።

ሹፌሩ በመስኮቱ ብቅ አለ። «ጓድ፣ ሴትዮዋ ደሟ እያለቀ ነው። ደም የሚሰጥ ሰው አንሶናል። ጤነኛ ትመስላለህ፤ አንተም ውጣና እንሂድ።»

«ምን ልሆን?»

«መርፌ ነው። እንዲህ ያለች» ብሎ በሁለት እጁ የብዕር ያህል አሳየው።

ያ ጠመንጃ የታጠቀ ሰው ክንዱን ወደ ኋላ ደበቀ። ገመዱንም ፈታው። «ሂዱ፣ ሂዱ! ሰው እየሞተ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለን እየተቆጣ።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጋሽ ሰይድ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይንጎራደዳሉ። ከመኪናው ስንወርድ አንገታችን ላይ ያለውን ማተብ አዩ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «የእኛ ልጅ እስላም መሆኗን ነግረዋችኋል?»

«ጋሼ፣» አለ ደሴ፣ «እስላም ስለሆነች እኮ ነው የመጣነው!»

እግሩን ረገጥኩት። ግን ጋሽ ሰይድ ቀድመውኝ አንገቱን አቅፈው ያለቅሱ ነበር። «ያ አላህ! ያ አላህ! እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች እናት ማን ናት?» ይላሉ። ደሴ ከትከሻቸው በላይ ግራ ተጋብቶ ያየኛል። ዝም በል አልኩት በዓይኔ። እውነት ሁሉ አይተነተንም።

ሲስተር ጥሩነሽ ከየጣታችን ጠብታ ወስደው በመስታወት ላይ ይመረምሩ ጀመር። ጌታነህ የራሱን ጣት ሲወጉት ደህና ነበር። የጎኑን ልጅ ሲወጉ አየና እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ወደቀ። ለወላድ የተዘጋጀው አልጋ ላይ አጋደሙት፤ ከወላዶቹ አንዷ በነጠላዋ አራገበችለት።

የደሴ ደም አልተስማማም። መጀመሪያ ተነፈሰ። ቀጥሎ ተቀየመ። «ደሜ ምን ሆነ? ምን ጎደለው?» እያለ ሲስተርን ተከተላቸው።

የእኔ ተስማማ። ከሴቶቹም ያንዷ ተስማማ።

አጋደሙኝና መርፌውን አስገቡ። ደሜ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ሲወርድ አየሁት። ሳየው ስለ እታለም አሰብኩ። በእሷ ጊዜ እንዲህ ያለ ጠርሙስ አዘጋጅተው ነበር? ወይስ የሚሞላው እንደሌለ አውቀው ጭራሽ አላወጡትም? ሲስተር ጥሩነሽ አጠገቤ ቆመዋል። ልጠይቃቸው ፈለግሁ። እሳቸውም የምጠይቀውን ያወቁ መሰለኝ፤ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ጠርሙሱ ሞላ፤ ይዘውት ወደ ውስጥ ሮጡ።

ሲመለሱ ሻይና ብስኩት ይዘው ነበር። «ጠጣ፣ ብላ» አሉኝ።

«ሲስተር፣ ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ።»

«ጾምህን ፈትቼልሃለሁ።»

«እርስዎ ቄስ ነዎት?»

«ካልበላህ የጌታነህ ጎን አስተኛሃለሁ» አሉኝ። በላሁ።

ወደ ማታ ከድጃ ዓይኗን ገለጠች። ውኃ ጠየቀች። ጋሽ ሰይድ ለእኛ በግ ሊያርዱ ተነሡና እጃቸው ቢላዋው ላይ ሲደርስ ቆሙ። እኛ የእነሱን አንበላም፤ እነሱም የእኛን አይበሉም። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ በጉን ከነነፍሱ ገመዱን ለደሴ አስጨበጡት። «ወስዳችሁ በራሳችሁ ሰው አሳርዱ» አሉ። ጨው ላይ ሄደን ከበግ ጋር ተመለስን። ሁዳዴ ገና አጋማሽ ላይ ስለነበር በጉ እስከ ፋሲካ በትምህርት ቤታችን ኖረ፤ የግብርና ክፍሉን ጎመንም ጨረሰው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም።

ሰኔ መግቢያ ላይ ከሞጣ መልእክት መጣ። የከድጃ ባል ኡመር የቤታቸውን ጣራ ሊያለብስ ቆርቆሮ ልግዛ ብሎ ሄዶ ቴፕ ገዝቶ መጣ። ከድጃ ሕፃኑን አዝላ አባቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ተሰየመ። ጋሽ ሰይድ አማቻቸውን ስለሚወዱት፣ «ቴፑም ደግ ነው፣ ዜና ይሰሙበታል» አሉ። ከድጃ ግን፣ «አባቴ ለእሱ ካደላ ለእኔ የሚናገሩልኝ ወንድሞቼ ይጠሩ» አለች።

«አንቺ ወንድም የለሽም» ቢሏት፣

«ቢቸና አሉኝ» ብላለች።

ሄድኩ። ደሴም ተከተለኝ፤ ደሙ ባይገባም አስታራቂ ነኝ አለ። ሞጣ ስንደርስ ግን ፀጉሩን አበጥሮ ወደ ሌላ ሰፈር ጠፋ። ብቻዬን ጋሽ ሰይድ ሱቅ ገባሁ። በጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ኡመር ጥግ ላይ ቴፑን ጭኑ ላይ አድርጎ አቀርቅሯል። ከድጃ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ የሕፃኑ ድምፅ ይሰማኛል።

የኡመር አጎት ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይህ ማተብ ያሰረ ልጅ ለእሷ ምኗ ነው?»

ተነሣሁ። ምላሴ እንደ ልማዱ ተሳሰረ።

«ወ... ወንድሟ ነኝ» አልኩ።

አጎትየው ጢማቸውን ዳበሱ። ዘመዷ ነው፣ ዘመዷ አይደለም ብለው ሰባት ቤት አልቆጠሩም። «እንግዲያስ ተናገር» አሉኝ። «እህትህ ምን በደል ደረሰባት?»

እህትህ። ይህንን ቃል «ነፍሷን ይማር» ሳያስከትል የሚለኝ ሰው ከሰማሁ ቆይቷል። ሁሉም ይጠብቁኛል።

«ክረምቱ ገብቷል» አልኩ። «እህቴ ቆርቆሮ ትፈልጋለች።»